የገላነሽ ድስት

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው፣ ይህን ደብተር ከሳጥኔ አውጥተህ የምትገልጠውን። ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። ገላነሽን ታውቃታለህ? «አላውቃትም» ካልህ ቁጭ ብለህ አንብብ። «አውቃታለሁ፣ ያች የሰለመችው አይደለችም እንዴ?» ካልህ ግን ደብተሬን አስቀምጥና ውጣ። ካንተ ጋር በወረቀት አልነጋገርም፣ ገበያ መሀል እንገናኛለን።

ይችን የመጀመሪያ ገጽ ባዶ ትቻት ነበር። አሁን ኅዳር ላይ ነው የምሞላት፣ የሚያነብ ሰው መሀል ገብቶ እንዳይደናገር። እኔ ሳልህ ነኝ። ወረታ ላይ ጨው፣ ክርና ላምባ እሸጣለሁ። አባቴ በቅሎ ሲነዳ መተማ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ እናቴ ራሂማ አለች። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። ከላምባ ጣሳ ላይ፣ ከአቡጀዲ ጣቃ ላይ፣ ጨው ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ራሴ ለቅሜ ነው የተማርሁት። ፊደል ብገድፍ አትሳቅብኝ። ምላሴ አይገድፍም፣ ወረታ ያውቀዋል።

ገላነሽ ክርስቲያን ናት፣ የፎገራ ገበሬ የአያልነህ ሚስት። አገራቸው ጉብታው ነው፣ ክረምት ውሃው ዙሪያውን ሲከበው ከመሀል ብቅ ብሎ የሚቀር መንደር። ጥቅምት ላይ ሞተች። ዛሬ የተኛችው ከጉብታው ጊዮርጊስ አጥር ውጭ ነው፣ ያለ ፍትሐት፣ የመጀመሪያው ጎርፍ በሚደርስበት ዝቅታ ላይ። የእስላም ሥጋ በልታለች አሉ። ሌላ ክረምት ሳይመጣባት ወደ አጥሩ ውስጥ ትግባ፣ ፍትሐት ይደረግላት። የምጠይቀው ይኸንን ብቻ ነው።

መስከረም 3 ቀን 1951፣ ቅዳሜ

ገበያው ገበያ አልሆነም። ውሃው ከሜዳው ገና አልሸሸም፣ ንዳዱም ከውሃው ጋር ቀርቷል። የመጣውም ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ጨው የጠየቀኝ የለም።

እትዬ ገላነሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። ሁልጊዜ ቅቤ ይዛ ነው የምትመጣ። ዛሬ የገብስ ዱቄትና ትልቅ ቅል ብቻ።

«ቅቤውሳ?» አልኋት።

«የሚንጥ ክንድ ካለህ አውሰኝ» አለች። «ላሞቹ ጡታቸው ተወጥሮ ይጮኻሉ፣ አላቢው ተኝቷል። ራሂማ የታለች? እሳት ልትለምን መጥታለች በላት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉብታው ላይ እንጨቱም ኩበቱም ርሷል። ቤተሰቡ ሙሉ ታሞ እሳት የሚያነድ የጠፋበት ቤት ብዙ ነው። እሷ እኛ ቤት አጥሚት አፍልታ፣ በቅል ሞልታ፣ ተሸክማ ሂዳ ልታጠጣ ነው። በዚያ ጭቃ!

«አብደሻል?» አልኋት።

«አንተ ለፍላፊ፣ አፍህን ያህል ትከሻህ ቢሠራ ቅሉን ትይዝልኝ ነበር።» እማ ከጓዳ ሆና ሳቀች።

ድስቷ እኛ ቤት አለ፣ የእሷ ብቻ። እኛ እስላሞች ነን፣ እሷ ክርስቲያን። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ ሥጋ የነካውን ዕቃም አይነካም። አባቴ የሞተ ጊዜ ውሃ ተሻግራ መጥታ እማን ስታስተዛዝን ከርማለች። ያኔ ነው እማ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ በኩላብ ላይ ለብቻው የሰቀለችላት። እነሱም ቤት የኛ ጣባ ለብቻው አለ። አያ አያልነህ ድግስ ሲደግሱ ለኛ ፍየል ለብቻው ያወጡ ነበር፣ የሚያርደውም አባቴ ነበር። እንዲህ ተጠባብቀን ነው የኖርነው። ማንም ሌላ አይንገረኝ።

መስከረም 8

እማ ተኛች። መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ላብ። ሱቅ ዘጋሁ።

መስከረም 11

እማ እህል አልቀምስ አለች። ዶሮ አረድሁ፣ መረቅ ሠራሁላት። ወንድ ልጅ ማድቤት ምን ያውቃል! ጨለማ ነው፣ ጭስ ነው፣ እጄ ያገኘውን ድስት ጣድሁ። ጠጣች። አልሐምዱሊላህ።

ድስቱን በአመድ ስፈገፍግ ጎረቤታችን ጽጌሬዳ፣ አረቄ የምታወጣዋ፣ ባጥር ላይ አንገቷን አስግጋ አየችኝ። «ኧረ ሳልህ! የገላነሽን ድስት እንዲህ የምትሞሽረው ልትድረው ነው?» አለች። ሳቅሁ። ድስት አጠብሁ፣ ሌላ ምን ሠራሁ።

መስከረም 13

መጣች። የእማን ገላ አጠበች፣ ልብሷን ቀየረችላት፣ ከዚያ ማድቤት ገባች። ድስቷን ከኩላቡ አወረደች።

«ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያበራ?»

«አጠብሁት።»

«ተባረክ፣ ሚስት ታገኛለህ» አለች፣ አጥሚቷን ጣደች።

ልነግራት አፌን ከፍቸ ነበር። ግን ቸኩላለች። ሰማዩም ደምኗል። ደግሞ ምን ብየ? የታጠበ ነገር ታጥቧል። በሌላ ቀን እነግራታለሁ። ቅሉን ተሸክማ ሄደች።

መስከረም 17፣ መስቀል

ዛሬ ቅሉን እስከ ውሃው ዳር እኔ ተሸከምሁላት። ጫንቃየ ተልጧል። ይኸን ተሸክማ ነው እንግዲህ ስትመላለስ የከረመች፣ አንድም ቀን ደከመኝ ሳትል።

ሽምብራ የሚዘራው በዚህ ሰሞን ነው፣ ውሃው ከሸሸበት ጭቃ ላይ። ጭቃው ከደረቀ ዓመቱ አለቀ። ወንዶቹ ደግሞ ተኝተዋል። ታዲያ ምን አደረገች? መቆም የሚችሉትን ሴቶች ሰብስባ ወንፈል ገብታለች። ዛሬ የዚህኛውን በሽተኛ፣ ነገ የዚያኛውን መሬት በየተራ ይዘሩለታል። ሴት ዘር አትበትንም፣ ይኸን እኛም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትበትናለች።

መንግሥቴ በበቅሎ መጣ። ያባቷ ልጅ ነው፣ እናታቸው ግን ለየቅል። አባታቸው ውሃ የማይደርስበትን ደጋማውን ማሳ ለገላነሽ ስላወረሰ እስከ ዛሬ አንጀቱ ያራል። ወረታ ላይ ዳኛ ፊት ሲከሳት የሰማሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ ተረትቷል።

«ገላነሽ!» አለ ከበቅሎው ሳይወርድ። «ሴት የበተነችው ዘር ምን እንደሚያበቅል ታውቂያለሽ?»

«ያንተን ማሳ ዘርተን ጨርሰን ነው ወደዚህ የመጣን። ምን እንዳበቀለ ሂድና ጠይቀው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ አልሳቀም። ወደኔ ዞሮ «ይኸስ እስላም እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

«ቅል ይሸከማል» አለች። «ትወርድና ትቀበለዋለህ?»

በቅሎውን መታት፣ ሄደ። እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብየው ቢሆን! እኔ ለምላሴ የማላንስ ሰው፣ የሷን መልስ ሰምቸ ሳቅሁና ዝም አልሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የምለው ሁሉ የመጣልኝ።

መስከረም 27

እማ ተነሣች። በግድግዳ እየተደገፈች ማድቤት ገባች፣ ትንሽ ቆየችና ጠራችኝ።

«ሳልህ፣ የኔ ድስት ሸረሪት አድርቶበታል። መረቁን በምን ሠራህልኝ?»

«በነበረው ነዋ።»

«የትኛው የነበረው?»

የገላነሽን ድስት ከኩላቡ አውርዳ በጣቷ ውስጡን ዳበሰችው።

«ታጥቧል እኮ፣ በአመድ!»

«ሸክላ እኮ ቅባት ይጠጣል፣ ልጄ። ነግረሃታል?»

«አዎ» አልሁ።

አዎ ማለቴ፣ ልነግራት ነው ማለቴ ነው።

ጥቅምት 2

መጣች። ቀጥናለች፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ብርድ ብርድ ይለኛል አለች። አጥሚቱን አፈላች፣ ቅሉን ሞላች። አልነገርኋትም። እማ ቁጭ ብላ እየሰማች እንዴት ልንገራት? ነገርኋት ብያለሁ። እማ ደግሞ ታውቃለች ብላ ዝም።

ጥቅምት 7

ገላነሽ ወደቀች ተባለ። ሽምብራው መሀል።

ጥቅምት 9

ከካሚዮን ሾፌር ኪኒን ለምኜ ይዠላት ሄድሁ። ጎጆው ውስጥ አያ አያልነህ ራሳቸው ገና ከበሽታ እየተነሡ፣ ከእግሯ ሥር ተቀምጠዋል። የመንደሩ ቄስ መምሬ ገብረ ኪዳን ከራስጌዋ ይደግማሉ። ኪኒኑን አልዋጥ አላት።

«ሽምብራው በቀለ?» አለችኝ።

«በቅሏል።»

«የመንግሥቴም?»

«የሱማ ካንቺ ይበልጣል።»

ፈገግ አለች። ከዚያ «ድስቴን ለማናዬ ስጣት» አለች። ማናዬ ያገባች ልጇ ናት። «ድስቱን» ስትል መምሬ ቀና ብለው አዩኝ መሰለኝ። ወይ አላዩኝም። ለሳቸው «ለብቻየ ላነጋግርዎ» ልል ነበር። ጠበሉ እዚያው በእንስራ አለ፣ ቄሱ እዚያው አሉ፣ እሷም ትሰማለች።

ደክሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 11

ሞተች።

ጥቅምት 12

ከቀብሯ ተመልሸ ነው የምጽፈው።

ጉድጓዱ አጥር ውስጥ ተቆፍሮ ነበር፣ ባይኔ አይቻለሁ። እማና እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆመናል። ሬሳው በሩ ላይ ሲደርስ መንግሥቴ ከፊት ቆመ፣ እጁን ዘረጋ።

«መምሬ፣ ከመግባቷ በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ። እህቴ ናት፣ ደሜ ናት፣ ግን ክርስትናየ ይበልጥብኛል። ወረታ እስላም ቤት ስትውል ከርማ ያረዱትን በልታለች። ወረታ ሙሉ ያወራዋል።»

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ አያ አያልነህ ዞረው «ቄደር ተጠምቃ ነበር?» አሏቸው።

ቄደር ማለት ጠበል ነው። የእስላም ሥጋ የበላ ክርስቲያን ንስሐ ገብቶ፣ ተደግሞለት፣ በሱ ተጠምቆ ይመለሳል። ሳይጠመቅ ከሞተ አይፈታም። እኔ እስላም ነኝ፣ ይኸን ከየት አውቃለሁ? በወሬ መስማት ማወቅ አይባልም።

አያ አያልነህ «ምኑን? ለምኑ?» አሉ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ ጮኽሁ። «ሐሰት ነው! ሥጋ አልበላችም!»

«መረቅስ?» አለ መንግሥቴ።

«መረቅም አልጠጣችም! መረቁን የጠጣች እናቴ ናት!»

«በማን ድስት?»

ጫጫታ ነበር። አልሰማሁትም።

መምሬ በመጨረሻ «እኔ አላወግዛትም። ነገሩ ሳይጠራ ግን ልፈታት አልችልም» አሉ። ጉድጓዱን መልሰው ደፈኑት። ከአጥር ውጭ፣ ታች፣ ሌላ ቆፈሩ። አንድ ክንድ ሳይቆፍሩ ውሃ አፈለቀ። እዚያ ውስጥ አስገቧት። ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተለቀሰም፣ ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ተበተነ። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ማሳቸውን የዘራችላቸው ሰዎች!

ቤት ስንገባ እማ «ነግሬያታለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች።

ጥቅምት 19

ጽጌሬዳ ዘንድ ገባሁ። ጠጪው ሁሉ እየሰማ።

«አንች ነሽ! ምን ብለሽ ነው ያወራሽው?»

«እኔ? እኔማ ሳልህ ድስት ሲያጥብ አየሁት፣ ሚስት አምሮታል ብየ ሰው አሳቅሁ። ያች የገላነሽ ድስት እኮ እንደ ሙሽራ ሆናለች አልሁ። ይኸው ነው።»

«ታዲያ መረቁ ከየት መጣ?»

«የሳቀው ሰው ሌላ ቤት ሂዶ ለምን አጠበው ብሎ ጠየቀ። ለናቱ ዶሮ አርዶ ነበር የሚል ተገኘ። ዶሮ የሰማው መረቅ አለ፣ መረቅ የሰማው በላች አለ፣ በላች የሰማው ሰለመች አለ። እኔ ሰለመች አልሁ? ምላሴን ይቁረጠው! ስታመም እኮ እኔንም አጠጥታኛለች።» አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «አንተሳ? ድስቱ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«ምን እንዲኖርበት ነው? አመድ!»

«እንግዲያ እኔ ላይ ምን ያስጮኽሃል?»

ወጣሁ። ምን ያስጮኽሃል! የምትለውን አታውቅም። ድስቱ ታጥቧል። በአመድ፣ በውሃ፣ እንደገና በአመድ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ገበያ ሞላ፣ ሰው እየዳነ ነው። ከጉብታው የመጣ ግን ሱቄን አልረገጠም። አንዷ አሮጊት ጨው ልትገዛ ስትል ጓደኛዋ በክንዷ ጎትታ «ሰው ከሚያሰልሙ ዘንድ?» አለቻት። እየሰማሁ ነው።

ከዚያ የባሰውን ሰማሁ። መንግሥቴ የገላነሽን ደጋማ ማሳ ጠምዶ እያረሰው ነው። አያ አያልነህ ሂደው ቢጠይቁት ምን እንዳላቸው ታውቃለህ? «እስላም ርስት የለውም። እናታቸው እስላም ሆና ሞታለች፣ ልጆቹ በሷ በኩል የሚወርሱት የለም።»

ለካ ክርስትናው ይበልጥበት የነበረው ለዚህ ነው!

እስላም ርስት የለውም። ይችን ቃል እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ ነው የማውቃት። አባቴ እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ግብር ከፍሎ፣ እግሩን የሚያሳርፍበት አንድ ጥማድ መሬት ሳይኖረው ነው መንገድ ላይ የቀረው። እኛስ እሺ፣ ለምደናል። እሷን ግን ለመንጠቅ ሲሉ ሞታ እንኳ እስላም አደረጓት። እኛን መሆን እንደ ቅጣት ሆኖ ተሰጣት።

በማን ነው የምናደደው? በሁሉም። በራሴም፣ አዎ፣ ግን መጀመሪያ በነሱ።

ኅዳር 7፣ የጊዮርጊስ በዓል

ሄድሁ። እማ አትሂድ ብላ ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመቃብሯ አጠገብ ቆምሁ። አፈሩ ሰርጉዷል። ማን እንዳስቀመጠ እንጃ፣ ከላይ ድንጋይ ተደርድሮበታል። መምሬ ገብረ ኪዳን ሊያልፉ ሲሉ ጠራኋቸው።

«መምሬ፣ ነገሩ ሳይጠራ ብለው ነበር። መቼ ነው የሚጠራ?»

«አንተ ልጅ፣ ሐዘንህን አያለሁ። ግን የእስላም ምስክርነት በታቦት ደጅ ምን ይሠራል?»

«ክርስቲያንስ ማን አይቷል? መንግሥቴ አይቷል?»

«አላየም።»

«ታዲያ የሱ አለማየት ከኔ ማየት በምን በለጠ?»

የሰማ ሁሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ «ወይ ምላስ! ይኸ ጠበቃ በሆነ!» አለ። መምሬ አልሳቁም። ወደ አጥሩ ቀረብ ብለው፣ ዝግ ብለው፣ «እሺ» አሉኝ። «አንተ አየህ አይደል? ያየኸውን ተናገር። እሰማሃለሁ።»

ከበሮ ተመታ። ታቦት ሊወጣ ነው፣ እልልታ ሆነ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል መናገር አልተቻለም። ትንሽ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ገቡ።

አያ አያልነህ ከሩቅ ቆመው ያዩኝ ነበር። ሰላም አላልኋቸውም፣ እሳቸውም አላሉኝም።

ኅዳር 14

ማናዬ መጣች፣ ድስቱን ልትወስድ መስሎኝ። ሱቁ ባዶ ነው። የናቷ ዓይን ነው ያላት፣ ቀና ብየ ላያት አልቻልሁም።

እንዲያው ወሬ ለማስቀየር ብየ «ያን ሁሉ አጥሚት ማን ማን ነበር የሚጠጣው?» አልኋት።

«ያልጠጣውን ጠይቀኝ። መጀመሪያ የምትገባው መምሬ ቤት ነበር፣ ቀድመው የወደቁት እሳቸው ናቸው። እስከ መስቀል ድረስ ደጋግፋ ነበር የምታጠጣቸው። ከዚያ አጎቴ ቤት፣ ሚስቱም ልጆቹም።»

«መንግሥቴ ቤት?»

«እሱ ራሱ እኮ ሳይታመም ቅሉን እስከ ዝቃጩ ነው የጨለጠው። ‹ማር ጨምረሽበታል እንዴ?› እያለ። እናቴ ስትነግረኝ ሆዷን ይዛ ስቃለች።»

ከበርጩማየ ተነሣሁ። ወላሂ፣ ተነሣሁና ዘለልሁ! «አለቀላቸው!» አልሁ። «ማናዬ፣ አለቀላቸው! ካንድ ድስት ነው የወጣው! እሷ ከሰለመች መምሬም ሰልመዋል፣ መንግሥቴም ሰልሟል፣ ጉብታው ባንድ ክረምት ሰልሟል! ርስቱን ለማን ሊያወርሱት ነው?»

እሷ አልዘለለችም። አልሳቀችም።

«ሳልህ፣ ድስቱ ንጹሕ ነበር?»

«ታጥቧል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ደንበኛ በመጣ ምንኛ በወደድሁ። አልመጣም። ማናዬ ነጠላዋን አጣፋች። ድስቱን ልስጥሽ ብላት «አልወስደውም፣ እዚያው ይቆይ። ይፈለጋል» አለች። ሄደች።

ኅዳር 16

ለእማ ነገርኋት። የፊታችን ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሜ እናገራለሁ አልሁ።

«ሱቁን ያቃጥሉታል።»

«ያቃጥሉት። የሚገዛኝስ አለ?»

ሶላቷን ሰግዳ ስትጨርስ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንዳለች «ከተናገርህ ሁሉን ተናገር» አለች። «ገላነሽ ያን ሁሉ ጭቃ የወጣችው ሰው ሊድን ነው። በሷ ስም ግማሽ አትናገር።»

«ሁሉን ብናገር በላች ይላሉ እኮ!»

«አንተ ሳትነግራት ነው የበላች፣ ያም ቢባል። ሳያውቅ የበላ ሰው ምን ኃጢአት አለበት? በኛም የለበት፣ በነሱም ያለ አይመስለኝ። የሚያውቅ ማን ነበር፣ ሳልህ?»

ላምባው አልቆ ጠፋ። ደኅና እደሪ አልኋት።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ነገ ገበያ ነው። የምለውን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ተናድጀ እንዳይጠፋብኝ። ጨው መስፈሪያየ ድንጋይ ላይ እቆማለሁ። መምሬ ገብረ ኪዳን ቅዳሜ ቅዳሜ ለዕጣን ይመጣሉ፣ መንግሥቴም በሬ ሊሸጥ ይመጣል። አያ አያልነህ ይምጡ ብየ ልኬባቸዋለሁ፣ ማናዬም ትመጣለች። ድስቱን ይዠ እወጣለሁ፣ ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ።

እንዲህ እላለሁ።

«የጉብታው ሰዎች! ገላነሽ ከዚህ ድስት ሌላ በኛ ቤት የነካችው ዕቃ የለም። እናንተ በንዳድ ስትወድቁ፣ የገዛ ዘመዳችሁ በራችሁን ሲሸሽ፣ ከዚህ ድስት ቀድታ እናንተ አፍ ውስጥ ያንቆረቆረች እሷ ናት። ጠጥታችሁ ነው የተነሣችሁ። ተነሥታችሁ ነው ሬሳዋን ከበር የመለሳችሁ። እንግዲህ ምረጡ። ድስቱ ንጹሕ ከነበረ ገላነሽ ንጹሕ ናት፣ አጥሩን ክፈቱላት። ድስቱ ከረከሰ ያንድ ድስት ልጆች ናችሁ፣ ኑና አጠገቧ፣ ውሃው የሚመጣበት ላይ፣ ጉድጓዳችሁን ቆፍሩ። አንተም መንግሥቴ፣ ማሳውን ልቀቅ፣ እስላም ርስት የለውማ!»

ስለ ድስቱ ይጠይቁኛል። አውቃለሁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። እማ ግማሽ አትናገር ብላለች። እሺ። ከጠየቁኝ እመልሳለሁ፣ ሁሉን እመልሳለሁ፣ መስከረም ላይ የሆነውን፣ ጥቅምት ላይ ያልሁትንና ያላልሁትን። ግን ተራ አለው። እኔ ያልተማርሁ የጨው ነጋዴ ነኝ፣ መስቀል አልያዝሁም፣ ሬሳ ከበር አልመለስሁም። መጀመሪያ መስቀል የያዙት ይመልሱ።

መምሬ ገብረ ኪዳን፣ እርስዎን ነው። ገላነሽ ደግፋ ካጠጣችዎ ወዲህ ቄደር ተጠምቀዋል ወይስ አልተጠመቁም? ከተጠመቁ ለምን ለሷ አልነገሯትም? ካልተጠመቁ በየትኛው እጅዎ ነው ከአጥር ያስወጧት? በጆሮየ አይንገሩኝ። በሰው ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ልጆቿ እየሰሙ ይመልሱ።